ትርፉን ስትቆጥር ቆጣሪውንም ቁጠር



ባለፈው ሳምንት ከባቱ አንድ ወጣት ወንድማችን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። እንዲህ ይላል፦ «ኡስታዝ፣ አባቴ ቀይ ሽንኩርቱን ሸጦ 60,000 ብር ሰጠኝ። ሥራ ጀምርበት ብሎኛል። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ገዝቼ ቤት ውስጥ ክሪፕቶ ማይን ላደርግ አስቤያለሁ። ሐላል ነው ሐራም?»

ጥያቄው ደስ አሰኝቶኛል። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሑክሙን መጠየቁ የኢማን ምልክት ነው። እኔ ግን መልሱን ከሌላ ጥያቄ ጀመርኩለት፦ «ወንድሜ፣ ያተርፋል ወይ? ካተረፈስ ትርፉ ከማን ኪስ ነው የሚወጣው?» ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የእኔም ቁስል ነው። ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ዛሬ ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከሻሸመኔ ይህንኑ ለምትጠይቁኝ ሁሉ አንድ ላይ ልመልስ። እስክሪብቶና ወረቀት ያዙ፤ ሂሳብ አለው።

◆ ማይኒንግ ምንድን ነው?

«ማይኒንግ» ሲባል ኮምፒውተሩ ከመሬት ወርቅ እንደሚያወጣ የሚያስብ አለ። እንዲያ አይደለም። የቢትኮይን ግብይቶች በአንድ ትልቅ የጋራ መዝገብ ላይ ይጻፋሉ። በየ10 ደቂቃው አካባቢ አንድ አዲስ ገጽ ይጨመራል። ገጹን የሚዘጋው አንድን ቁጥር በግምት ቀድሞ ያገኘ ኮምፒውተር ነው። ያገኘው ይሸለማል፤ ሌሎቹ በሙሉ ያቃጠሉት መብራት ባዶ ቀረ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሰዎች ተሰባስበው በማኅበር የሚገምቱትና ሽልማቱን በየድርሻቸው የሚካፈሉት።

ሽልማቱ ቋሚ አይደለም። ቢትኮይን እ.ኤ.አ በ2009 ሲጀመር ለአንድ ገጽ 50 ቢትኮይን ይሰጥ ነበር። በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀነሳል። ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 3.125 ደርሷል። በቀን 144 ገጽ ያህል ስለሚዘጋ፣ በመላው ዓለም በቀን የሚታደለው ወደ 450 ቢትኮይን ነው። ከዚያ በላይ የለም።

እዚህ ጋ ልብ በል። ገማቾቹ ሲበዙ ሽልማቱ አይጨምርም። በየ2,016 ገጹ፣ ማለትም በሁለት ሳምንት ገደማ አንዴ፣ ሥርዓቱ ራሱ ጨዋታውን ያከብደዋል። አንድ ትሪ እንጀራ ላይ መቶ ሰው ቢቀርብም ሺህ ሰው ቢቀርብም እንጀራው ያው አንድ ነው። ትልቅ እጅ ያለው ብዙ ይቆርሳል።

◆ የቤት ኮምፒውተር እጁ ስንት ነው?

አሁን ሂሳቡ። ጥሩ የጌም ግራፊክስ ካርድ ያለው የቤት ኮምፒውተር በሴኮንድ 2 ቢሊዮን ጊዜ ይገምታል እንበል። ብዙ ይመስላል፤ ሱብሃነላህ፣ 2 ቢሊዮን! ነገር ግን ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራው አንትማይነር ኤስ21 የሚባለው ማሽን በሴኮንድ 200 ትሪሊዮን ጊዜ ይገምታል። ያንተን ኮምፒውተር 100,000 እጥፍ ማለት ነው። በመላው ዓለም ያሉት ማሽኖች ተደምረው ደግሞ እ.ኤ.አ በ2025 በሴኮንድ አንድ ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ግምት አካባቢ ደርሰዋል። 1 ጽፈህ 21 ዜሮ ደርድርለት።

ድርሻህን አስላው። ከቀኑ 450 ቢትኮይን ላይ የሚደርስህን በዓመት አባዛው። የአንዱን ቢትኮይን ዋጋ 100,000 ዶላር አድርገን ብንይዝ እንኳ ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊት ሠርተህ የምታገኘው 3 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው። ዶላሩን በ150 ብር ብንመታው፣ ወደ 5 ብር።

ወጪውስ? ኮምፒውተሩ 300 ዋት ይበላል እንበል። በቀን 7.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ በዓመት 2,628 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንዱን በ5 ብር ብናስበው 13,140 ብር ይመጣል። (አምስት ብሩ ለስሌት ነው። አንተ የራስህን የመብራት ሂሳብ ወረቀት አውጥተህ የአንዱን ዋጋ አስገባበት። የቤት ታሪፍ ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር ወደ ውዱ እርከን እንደሚያወጣህም አትርሳ።)

5 ብር ለማግኘት 13,140 ብር! ይህን ንግድ የሚለው ማን ነው? በአዳማ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ እህታችን ብትሰማህ ትስቅብሃለች፤ እውነቷንም ነው።

◆ «ቢትኮይን አይደለም፣ ሌላ ሳንቲም ነው»

ይህን የሚለኝ ብልህ ልጅ ሁልጊዜ አይጠፋም። ትክክል ነው፤ ለተራ ኮምፒውተር ተብለው የተሠሩ አሉ። ታዋቂው ሞኔሮ ነው። ትላልቆቹ ማሽኖች እንዳይጠቅሉት ታስቦ የተሠራ ስለሆነ በላፕቶፕም ይሞከራል። በየሁለት ደቂቃው 0.6፣ በቀን 432 ሞኔሮ ለዓለም ይታደላል።

ላፕቶፕህ በሴኮንድ 2,000 ጊዜ ይገምት፣ የዓለሙ ድምር 5 ቢሊዮን ይሁን፣ አንዱ ሞኔሮ 300 ዶላር ያውጣ። በቀን 5 የአሜሪካ ሳንቲም ታገኛለህ፤ 7 ብር ከ80 ሳንቲም። ላፕቶፑ 60 ዋት ሲበላ ውሎ ሲያድር 1.44 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በ5 ብር ሂሳብ 7 ብር ከ20። የቀረህ 60 ሳንቲም። በወር 18 ብር።

አዎ፣ «አተረፈ»። በወር የአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ ያህል። አሁን ከዚያች ሻይ ላይ የሚቀነሰውን ቁጠር፦ በግንቦት ሙቀት ቀንና ሌሊት የሚጮኸው ፋን፣ የሚያብጠው ባትሪ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ኃይል፣ ለጥናት ስትፈልገው የሚንቀራፈፈው ላፕቶፕ። የሞኔሮን መሸጫም ቁጠር። ትልቁ የባይናንስ ገበያ በየካቲት 2016 ከዝርዝሩ አውጥቶታል። ፋን ለማስቀየር የምትከፍለው ብቻ የብዙ ወር ሻይህን ይጠጣዋል።

◆ «እኛ አገር መብራት ርካሽ ነው»

ይህም የተለመደ ክርክር ነው። ከአዳማ በላይ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ተርባይኖች እያየን ስላደግን ኃይል የተትረፈረፈ ይመስለናል። የመጀመሪያው ጣቢያ 51 ሜጋዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት ነው። ታች ቆቃ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አዋሽን ገድቦ ያመነጫል። ላንጋኖ አጠገብ አሉቶ የምድር እንፋሎት አለ። የዓባይ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። አልሐምዱሊላህ፣ ኒዕማ ነው።

ደግሞም የውጭ ኩባንያዎች፣ በተለይ የቻይና፣ ለዚሁ ኃይል ብለው መጥተዋል። በየካቲት 2016 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከሆንግ ኮንጉ ዌስት ዳታ ግሩፕ እህት ኩባንያ ጋር የ250 ሚሊዮን ዶላር የመግባቢያ ስምምነት መፈረሙን ሁላችንም ሰምተናል። «እነሱ ካተረፉ እኔስ?» ትላለህ።

መልሱ ከላይ አለ። እነሱ የሚሰኩት ያንተን ኮምፒውተር አይደለም። ማሽናቸው 100,000 እጥፍ ይገምታል፤ ኃይል የሚስቡት ከትልቅ ማከፋፈያ ጣቢያ ነው፤ ውል አላቸው፤ የሚከፍሉት በውጭ ምንዛሪ ነው። ርካሽ መብራት ጠንካራውን ማሽን ያተርፈዋል፤ ደካማውን ግን አያድነውም። የተቀደደ ማዳበሪያ ላይ ርካሽ ጤፍ ብታፈስበት ያው ይፈሳል።

«እንግዲያው ያንኑ ማሽን ቤቴ ልትከል» የሚለኝም አለ። እውነቱን ልንገርህ፤ በወረቀት ላይ የዚያ ማሽን ሂሳብ ሊያስኬድ ይችላል። ግን 3,500 ዋት ቀንና ሌሊት ይበላል። በወር 2,520 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የሰፈርህ ትራንስፎርመር የተተከለው ለምጣድ፣ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ነው። ጩኸቱም ጎረቤት አያስተኛም። ዋጋው በሺዎች ዶላር ነው፤ ሽልማቱ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2028 ገደማ እንደገና በግማሽ ይቀነሳል። ከሁሉም በላይ ሕግ አለ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በ2014 መጨረሻ በዚህ ሥራ የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ አዝዟል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በ2014 የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን አስታውሶ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ እንደሆነ አስጠንቅቋል። ቤትህ ውስጥ ደብቀህ የምትሠራው ነገር ገና ሳይጀመር በረካው ይሸሻል።

◆ የእኔው ቆጣሪ

አሁን ወደ ቁስሌ ልመለስ። ይህን ስጽፍ እያፈርኩ ነው። ግን ከኔ ስህተት አንድ ሰው ከተማረ አላህ ዘንድ ይጠቅመኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በሚያዝያ 2014 አዳማ ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይቼ እኖር ነበር። አምስት ክፍል፣ አምስት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ። ወር በመጣ ቁጥር ሂሳቡ ለአምስት እኩል ይካፈላል። እኔ ሁለት ግራፊክስ ካርድ ገዝቼ አልጋዬ ሥር ሰካሁ። ያኔ በእነዚህ ካርዶች ኢተሪየም ይወጣ ነበር። ቀን ሥራ እውላለሁ፣ ማታ ሕፃናት ቁርኣን አስቀራለሁ፣ ካርዶቹም ሲያሽካኩ ያድራሉ። ለማንም አልነገርኩም። «ሚስጥር» አልኩት፤ ኋላ ሳስበው ስሙ ሌላ ነበር።

መስከረም 5 ቀን 2015 ኢተሪየም አሠራሩን ቀይሮ ማይኒንግን ጨርሶ አቆመ። በዓለም ዙሪያ ኢተሪየም ያወጡ የነበሩ የግራፊክስ ካርዶች በአንድ ቀን ያ ሥራ ቀረባቸው። ብልህ የሆነ ያኔ ነቀለ። እኔ ግን ወደ ትናንሽ ሳንቲሞች ዞርኩ። በወር ወደ 250 ብር የሚሆን ይገባልኛል፤ «ከምንም ይሻላል» እያልኩ ቀጠልኩ።

ሂሳቤ እንዲህ ነበር። ካርዶቹ 300 ዋት ይበላሉ፤ በወር 216 ኪሎዋት ሰዓት። አንዱን በ2 ብር ብንይዘው 432 ብር። ከዚህ የእኔ ድርሻ አንድ አምስተኛው፣ 86 ብር። 250 ገባ፣ 86 ወጣ፣ 164 ብር ትርፍ! አልሐምዱሊላህ እል ነበር። ወላሂ፣ በዚያ ብር ላይ አላህን አመሰግን ነበር።

የቀረውን 346 ብር ማን ከፈለው? አራቱ ጎረቤቶቼ። በትክክለኛው ሚዛን እኔ በየወሩ 182 ብር እየከሰርኩ ነበር። «ትርፍ» ያልኩት በሙሉ ከእነሱ ኪስ የወጣ ነው። ኮምፒውተሬ አንድ ብር አላመረተም። የሰውን ብር ወደ እኔ የሚያሻግር ቧንቧ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከአራቱ አንዷ እንጀራ እየጋገሩ ለሱቆች የሚያስረክቡ እናት ነበሩ። ሃይማኖታችን አንድ አይደለም፤ ጎረቤትነታችን ግን የዘመድ ያህል ነበር። በረመዳን ለመግሪብ «ትኩስ ነው ልጄ» እያሉ እንጀራ በሳህን ይልኩልኝ ነበር። የመብራቱ ሂሳብ ሲያሻቅብ ግቢው ተሰበሰበ። ሁሉም ጣቱን የቀሰረው ወደ እሳቸው ነው፦ «ምጣዱ ነው! የሚበላን ምጣዱ ነው!» እሳቸውም ማሉ፤ «የምጋግረው ያው እንደ ድሮው ነው» አሉ። የሰማቸው የለም።

እኔ እዚያ ተቀምጬ ነበር። ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ አንዱን ቀን በእንጨት መጋገር ጀመሩ፤ ጭሱ ዓይናቸውን አቀላው። በታኅሣሥ ለቀው ልጃቸው ጋ ሞጆ ገቡ። በጥር መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዱ ካርዴ ተቃጠለና እኔም ተውኩት።

ያነቃኝ ሕፃን ልጅ ነው። አንድ ማታ ሱረቱል ሙጠፊፊንን ለልጆቹ አብራራ ነበር። አላህ በልክና በሚዛን የሚያጎድሉትን የሚያስጠነቅቅበት፣ ስሙም በእነሱ የተሰየመ ሱራ ነው። አንዱ እጁን አወጣ፦ «ኡስታዝ፣ እኛ ቤት ሚዛን የለም። እኛን አይመለከተንም አይደል?» ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ግቢያችን ግድግዳ ላይ ያ ቆጣሪ ሲሽከረከር ታየኝ። ሚዛን አለ። ቀንና ሌሊት የሚመዝን ሚዛን።

አሥር ወር። በየወሩ ለእያንዳንዳቸው 86 ብር ከ40፤ በድምሩ 864 ብር ለአንድ ሰው። ብሩን ይዤ ሞጆ ሄድኩ። ልጃቸው ቤት አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ብሩን ተወው ልጄ። ብር ይመጣል ይሄዳል። በምጣዴ ሲያሙኝ አጠገቤ ተቀምጠህ ዝም ያልከው ነው ያንገበገበኝ። ሄደህ ለእነሱም ንገራቸው።»

ብሩን በግድ አስቀመጥኩ። ተመልሼ ለባለቤቱና ለሁለቱ ተከራዮች ነገርኳቸው፤ ሐቃቸውንም ሰጠሁ። አፍሬ ልሞት ነበር። አራተኛው ከተማ ለቆ ስለነበር ፈልጌ አጣሁት። ዑለማዎች ባለቤቱ ለጠፋ ሐቅ እንደሚመክሩት በእሱ ስም ሰደቃ አደረግኩ። ዛሬም ባገኘው አፉ እንዲለኝ እለምነዋለሁ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን ባልደረቦቻቸውን የከሰረ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቀዋቸዋል። ሰሓቦቹ ገንዘብና ንብረት የሌለው ነው አሉ። እሳቸው ግን የከሰረው በቂያማ ቀን ሶላቱን፣ ጾሙንና ዘካውን ይዞ መጥቶ፣ ያንን ሰድቦ፣ የዚህን ገንዘብ በልቶ በመገኘቱ መልካም ሥራው ለእነሱ የሚከፋፈልበት እንደሆነ አስተማሩ። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። ስንት ጊዜ ለሌሎች አስተምሬዋለሁ! በራሴ ቆጣሪ ላይ ግን አላነበብኩትም ነበር።

◆ የሰው ቆጣሪ ብዙ መልክ አለው

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ «የእኔስ ግቢ የግል ቆጣሪ አለው» ብለህ አትለፍ፤ ብለሽ አትለፊ።

አባትህ ቤት ሰክተህ ሂሳቡን አባትህ ከከፈለ፣ ትርፉ የአባትህ ሽንኩርት ነው። የዩኒቨርሲቲ ዶርም ወይም የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ከጫንክ፣ አማና አጉድለሃል፤ ማሽኑን ያንተ ላልሆነ ጥቅም አድክመሃል። ከቆጣሪ በፊት ገመድ የጠለፍክ ከሆነ ደግሞ ስሙ ስርቆት ነው፤ ለእሳትና ለሞትም ትጋለጣለህ። በሁሉም ላይ «ነፃ መብራት» የሚለው ቃል ትርጉሙ አንድ ነው፦ ሌላ ሰው የከፈለው መብራት።

ሌላው መልክ «ኮምፒውተር አያስፈልግህም፣ ብር አስገባ፣ እኛ ማይን እናደርግልሃለን» የሚለው ነው። በቴሌግራም በየቀኑ ይመጣል። ቢትክለብ ኔትወርክ የሚባለው ይህንኑ ሲል ነበር። ከእ.ኤ.አ 2014 ጀምሮ በማይኒንግ ማሽኖች ላይ ድርሻ እሸጣለሁ፣ ሰው ላመጣ እከፍላለሁ እያለ ከዓለም ዙሪያ ገንዘብ ሰበሰበ። በ2019 መጨረሻ የአሜሪካ ዓቃቤ ሕግ ቢያንስ 722 ሚሊዮን ዶላር የተሰበሰበበት ማጭበርበር ነው ብሎ ከሰሳቸው። ከተከሳሾቹ ጥፋታቸውን ያመኑ አሉ። ለቀደመው የሚከፈለው ከኋለኛው ኪስ ነው። እዚህም ቆጣሪው የሌላ ሰው ነው፤ ያውም ያንተን ግብዣ አምኖ የገባው የአክስትህ ልጅ።

በ2016 ስንቶቻችን ሃምስተር ኮምባት ላይ ስክሪን ስንነካ ሌሊቱን አጋመስነው? በመስከረም 2017 ሳንቲሙ ሲታደል ብዙው ሰው ያገኘው ለድካሙ የማይመጥን ነበር። እዚያ የተቃጠለው መብራት ትንሽ ነው። የተቃጠለው ዕድሜ ነው። ዕድሜም፣ በተለይ ወጣትነት፣ እንደ ገንዘብ ይጠየቅበታል።

◆ ሑክሙስ?

ጠያቂዬ የጠየቀውን አልዘነጋሁም። በክሪፕቶ ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል። የግብፅ ዳሩል ኢፍታ እ.ኤ.አ በ2018 መጀመሪያ፣ ግልጽነት የጎደለውና ሰውን ለጉዳት የሚያጋልጥ ነው ብሎ ከልክሏል። የማሌዥያ የካፒታል ገበያ የሸሪዓ አማካሪ ምክር ቤት በ2020 የዲጂታል ንብረት ግብይትን በሁኔታዎች ፈቅዷል። የኢንዶኔዥያ የዑለማ ምክር ቤት በ2021 እንደ መገበያያ ገንዘብ መጠቀምን ሐራም ብሎ፣ እንደ ሸቀጥ ግን ግልጽ ጥቅምና መሠረት ካለው የሚታይበትን በር ትቷል። እኔ በዚህ ላይ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። የአካባቢህን ዓሊም ጠይቅ።

አንድ ነገር ግን ያለ ኺላፍ አውቃለሁ። ሰው ገንዘቡን ከየት አምጥቶ በምን ላይ እንዳዋለው ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። የአባትን ላብ የማይመለስበት ቦታ ማፍሰስ፣ በጎረቤት ሐቅ መነገድ፣ ሥራውን ደብቆ ሌላ ሰው ሲወቀስ ዝም ማለት፤ እነዚህ ዑለማ የተለያዩባቸው ጉዳዮች አይደሉም።

◆ ከመሰካትህ በፊት

ይህችን ወረቀት ላይ ጻፋት፦

1. ማሽኑ ስንት ዋት ይበላል? በ24 አባዛና ለ1,000 አካፍል። የቀኑ ኪሎዋት ሰዓት ይኸው።

2. በሂሳብ ወረቀትህ ላይ ባለው ዋጋ አባዛ፤ ከጨመርክ በኋላ በምትደርስበት እርከን እንጂ አሁን ባለህበት አይሁን።

3. ማሽኑን የገዛህበትን ዋጋ በሚቆይባቸው ወራት አካፍለህ ጨምር። ለሙቀት፣ ለፋንና ለመብራት መቆራረጥ የሚሆንም ጨምርበት።

4. ገቢውን ዛሬ ባለው ዋጋ አስላ። «ነገ ይጨምራል» የሚለውን ሂሳብ ውስጥ አታስገባ፤ እሱ ተስፋ እንጂ ገቢ አይደለም።

5. መጨረሻ ላይ ይህን ጠይቅ፦ ከዚህ ወጪ ውስጥ እኔ የማልከፍለው አለ? ካለ ማን ይከፍለዋል? ያውቃል? ፈቅዷል?

አምስተኛውን ያላለፈ ሥራ አራቱን ቢያልፍም ትርፍ አይደለም።

ለባቱው ወንድሜ የመለስኩለት ይህንኑ ነው። ጨምሬም እንዲህ አልኩት፦ ኮምፒውተር መግዛቱን አልጠላብህም። ግን እሱ ሌሊቱን ሙሉ እየገመተ አንተ እንድትተኛ አትግዛው፤ አንተ ተቀምጠህ እንድትሠራበት ግዛው። ግራፊክስ፣ የሂሳብ አያያዝ፣ ቪዲዮ ማቀናበር፣ ፕሮግራሚንግ ተማርበት። ባቱ ላይ ስንት የሽንኩርትና የቲማቲም ነጋዴ ሂሳቡን በጥራዝ ወረቀት እየያዘ ይጠፋበታል! የአንዱን ሂሳብ በሥርዓት ብትይዝለት በወር ከዚያች ሻይ ይበልጣል። ካልሆነም ገንዘቡን ለአባትህ መልሰህ ለመጪው መስኖ ዘርና ማዳበሪያ ግዙበት። ነቢዩላህ ዳዉድ (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከገዛ እጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር፣ ከዚያ የተሻለ ምግብ የበላ እንደሌለም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል።

እሱም አንድ መልስ ብቻ ጻፈልኝ፦ «ኡስታዝ፣ ማታ ወረቀቱን ከአባቴ ጋር አብረን እንሠራዋለን።» ባረከላሁ ፊህ። ከሁሉ የወደድኩት «ከአባቴ ጋር» ያለውን ነው። ብሩ የማን እንደሆነ ገብቶታል።

ዛሬ ከአስር በኋላ፣ ዱዓ ተቀባይነት በሚያገኝባት ሰዓት፣ ወጥተህ ግቢህ ግድግዳ ላይ ያለውን ቆጣሪ አንዴ ተመልከተው። ማን እንደሚከፍለው አስብ። የቆየ ሐቅ ካለብህ ዛሬውኑ ደውል። ብር ካጣህ ቃል ግባ፤ ቢያንስ ግን ዝም አትበል።

አላህ ሐላሉን አብቅቅቶን ከሐራሙ የሚያርቀን፣ በጥቂቱ በረካ የሚያደርግልን፣ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከፊቱ ከመቆም የሚጠብቀን ያድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ!

ይህን ሊሰካ ለተዘጋጀ አንድ ጓደኛህ አድርስለት።